መልስ፦ ከፓርትነሬ ጋር ተጣልቼ ሌላ ብቀይር የባድሜንተን ደብልስ (የጥንድ ጨዋታ) ነጥቤ ይቀጥላል ወይ?

አይቀጥልም ወንድሜ። በባድሜንተን ዓለም አቀፍ ራንኪንግ የደብልስ ነጥብ የሚያዘው በሁለታችሁ ስም አንድ ላይ ነው፣ ከአዲሱ ልጅ ጋር ከዜሮ ነው የምትጀምሩት። የድሮው ነጥብ ግን ወዲያው አይጠፋም፣ የሚቆጠረው ያለፉት 52 ሳምንታት ውጤት ስለሆነ በዛ ጊዜ ውስጥ ከታረቃችሁ ይጠቅማችኋል (እኔ ታረቁ ባይ ነኝ)።

ባትታረቁም አለቀልኝ አትበል። የኢንዶኔዢያው ሄንድራ ሴቲያዋን እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ ከማርኪስ ኪዶ ጋር የኦሎምፒክ ወርቅ ወስዶ፣ ከዛ ከሞሃመድ አህሳን ጋር ተጣምሮ በ2013፣ በ2015 እና በ2019 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፣ የመጨረሻውን እንደውም በ35 ዓመቱ።

አንድ ነገር ግን፣ ጎንደር ላይ አዲስ ፓርትነር ስትሞክር በሻትሉ (በላባ ወይ በፕላስቲኩ የባድሜንተን ኳስ) እንዳትሸወድ። ከባህር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሻትል ይፈጥናል። ማሸጊያው ላይ 77 የሚል የፍጥነት ቁጥር ካየህ ተወው፣ 75 ወይ ከዛ ያነሰ ፈልግ (ቁጥሩ ሲያንስ ሻትሉ ይዘገያል)፣ ፕላስቲክ ከሆነ ደሞ አረንጓዴ ቀለበት ያለውን፣ እሱ ዘገምተኛው ነው። ልጁ ከኋላ የመታው ሁሉ አውት ሲወጣ "ይሄ አይችልም" ብለው የሚያባርሩ አይቻለሁ፣ ቆላው መተማ ወርዶ ቢጫወት እኮ ያው ምት መስመር ውስጥ ነው የሚያርፈው።