ለገበያው ሥዕል፦ ዓይን የት ይረፍ?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ «የገበያ ሥዕሌ ላይ ሁሉንም በጥንቃቄ ሥያለሁ፣ ሩል ኦፍ ተርድስ የሚሉትን የሲሶ ሕግም (ሥዕሉን በቁመትም በወርድም ሦስት ቦታ ከፍሎ ዋናውን ነገር መስመሮቹ ላይ ማድረግ) ጠብቄያለሁ፣ ያየው ሰው ግን ተጨናንቋል ይለኛል» የሚል ነው። ሥዕል ሳስተምር በየጊዜው የሚገጥመኝ ነገር ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

እጅሽ ጎበዝ ነው። ችግሩ ጃንጥላው፣ የበርበሬው ጆንያ፣ የነጠላው ጥለት፣ ከኋላ የቆመው አህያ ሁሉም እኩል ተለፍቶባቸዋል። ሁሉም «እኔን እዩኝ» ሲል ዓይን ማረፊያ ያጣል።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ደራጎኑን ሲወጋ የሚያሳየውን ሥዕል ልብ ብለሽ እዪው። ነጩ ፈረስ በደማቅ ቀለሞች መሀል ብቻውን ይወጣል፤ ጦሩ ከሰማዕቱ እጅ ተነስቶ ሰያፍ ወደ ደራጎኑ ይወርዳል፣ ዓይናችንም አብሮት ይወርዳል። ከደራጎኑ የዳነችው ቤሩታዊቷ ልጅ ዛፍ ላይ ትንሽ ሆና የምትሣለው ሩቅ ስለሆነች አይደለም። በባህላዊው አሣሣል መጠን የሚለካው በክብር እንጂ በርቀት አይደለም። በጎው ሰው ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት፣ ክፉው ደግሞ በጎኑ በአንድ ዓይን መሣሉም እንዲሁ ነው። ትርጉሙ የእምነት ቢሆንም፣ ተመልካቹን መጀመሪያ ማንን እንደሚያይ ይመራዋል።

የሲሶ ሕጉ፣ ያ ስልክ ካሜራ ላይ ያለው ዘጠኝ ሳጥን፣ ለጀማሪ ምርኩዝ ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ የመላእክቱ ፊቶች በረድፍ ተደርድረዋል፤ ቅንብሩ ድግግሞሹ ራሱ ነው። ሥላሴም ጎን ለጎን እኩል ሆነው የሚሣሉት እኩልነታቸው እንዲታይ ነው፤ እዚያ ላይ ሲሶ ብትፈልጊ ነገሩን ታበላሺዋለሽ።

ወደ አንቺ ሥዕል ልመለስ። ፎቶ አንሺውና ስልክሽ ላይ ጥቁርና ነጭ አድርጊው። ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ ታገኚዋለሽ ብዬ እገምታለሁ፤ ቀለሙ ቢለያይም ጥላና ብርሃኑ አልተለያየም ማለት ነው። ለእኔ ከቀለም በፊት የሚመጣው ይሄ ነው። ስለዚህ በክብሪት ሳጥን መጠን ትንንሽ ንድፎች ሥሪ፤ ነጭ፣ ግራጫና ጥቁር ብቻ፤ ፊት፣ ጣት፣ ጥለት የሚባል ነገር የለም።

እኔ ብሆን ለዓይን ማረፊያ በርበሬ ሻጯን እመርጣለሁ። ከኋላዋ ያለውን የጃንጥላ ጥላ ባጠቁረው ነጭ ነጠላዋ ይወጣል። በርበሬው ብቻውን እንዲቀላ ሌሎቹን ቀዮች፣ በተለይ በግራ ያለውን ባልዲ፣ አደበዝዛለሁ። የጃንጥላው ምሰሶ ከጭንቅላቷ የበቀለ ይመስላል፤ ትንሽ ወደ ጎን ውሰጂው። አህያው ፊቱን ወደ ውጭ ስላዞረ ተመልካቹን ይዞ ከሸራው ይወጣል፤ ወይ ወደ ውስጥ አዙሪው፣ ወይ አጥፊው (እኔ አጠፋው ነበር፤ አህያ ወዳጆች ይቅር በሉኝ)። ከፊቷ ያለውን መሬት ደግሞ ባዶ ተይው፤ ድንች መደርደር የለብሽም።

ቀለምሽ አክሪሊክ፣ ከደረቀ በኋላ በላዩ ደግሞ የሚቀባ፣ ስለሆነ አዲስ ሸራ አያስፈልግሽም። ከኋላ ያሉትን ሰዎች በውሃ በቀጠነ ግራጫ ሸፍኚያቸው፣ ሲደርቅ ፎቶውን እዚሁ ለጥፊልን።