የዘር ጥያቄዎቻችሁና የእኔ መልሶች፣ ከጣና ዳር

ብዙ ዓመት አዴትና ሜጫ ላይ በዘር ብዜት ሠርቻለሁ። ሰሞኑን «ኩባንያዎች ዘራችንን በፓተንት (በፈጠራ ባለቤትነት መብት) ሊወስዱት ነው» የሚል ወሬ ስለበዛ፣ ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። የመጣው ከጠበቅሁት በላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር ቁጭ ብዬ የቻልኩትን መለስኩ። ጠበቃ አይደለሁም፤ አዋጆቹን ግን አንብቤያለሁ።

ከመራዊ፦ ጋሼ፣ አምና የገዛሁትን የበቆሎ ዘር ምርት ዘንድሮ መልሼ ብዘራው ኩባንያው ይከሰኛል?

ማንም አይከስዎትም። የሚቀጣዎት ማሳው ነው።

አምና የዘሩት ዲቃላ ነው፣ ሃይብሪድ የምንለው። እናትና አባት የሆኑ የበቆሎ መስመሮች ለየብቻ ይያዛሉ፤ ከዚያ ይዳቀላሉ። የመጀመሪያው ልጅ ጉልበተኛ ይወጣል፤ ቁመቱ እኩል፣ ራሱ እኩል። ያንን ምርት መልሰው ሲዘሩት ልጆቹ ወደየአያቶቻቸው ይበታተናሉ። አንዱ ረዥም፣ አንዱ ድንክ፣ አንዱ ራስ የሌለው። ምርቱም ይወርዳል። ስለዚህ በየዓመቱ ያችን 12.5 ኪሎ ከረጢት ሊገዙ ይመለሳሉ። ግማሽ ሄክታር የምትዘራዋን ማለቴ ነው።

እኔ ሁሌ የምለው ይህን ነው፤ እኛ ዘንድ ቁልፉ ፓተንት አይደለም። ቁልፉ የወላጅ መስመሮቹ ማን እጅ እንዳሉ ነው። ቢኤች 660 እና ቢኤች 540 የሚባሉት የበቆሎ ዲቃላዎች የባኮ ምርምር ልጆች ናቸው። ወላጆቻቸው የመንግሥት ስለሆኑ እዚሁ ባሕር ዳር ያለው የአማራ ዘር ድርጅትም ሆነ ሌላው ያባዛቸዋል። ሊሙ የሚባለው ዲቃላ ግን የፓዮኒር ኩባንያ ነው፤ ፓዮኒር ደግሞ ዛሬ የኮርቴቫ ነው። ወላጆቹ ከኩባንያው እጅ አይወጡም። ሊሙ መጥፎ ዘር ነው አላልኩም፤ ማሳ ላይ አይቼዋለሁ፣ ጥሩ ነው። ኩባንያው አንድ ዓመት ዘር ካላቀረበ ግን ሌላ የሚያባዛልዎት የለም።

ከባሕር ዳር፣ ተማሪ፦ ታዲያ ሞንሳንቶ ገበሬ ከሰሰ የሚባለው ውሸት ነው?

እውነት ነው፤ ግን አሜሪካ ነው። ኢንዲያና ውስጥ ቦውማን የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ከእህል መጋዘን ለምግብ የሚሸጥ አኩሪ አተር ገዙ። ዘሩት። ላዩ ላይ ፀረ አረም ረጩ። አብዛኛው ሳይሞት ቀረ፤ ምክንያቱም የዘር ኩባንያው ሞንሳንቶ ፓተንት ያወጣበት፣ ፀረ አረም የሚቋቋም ባሕርይ ያለው ነበር። ከዚያ እያስቀሩ መዝራት ቀጠሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ያለ አንድ የተቃውሞ ድምፅ ፈረደባቸው። ካሳው ከ84 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። የዚህ ሁሉ መነሻ እ.ኤ.አ. የ1980 ፍርድ ነው፤ ሰው የለወጠው ሕያው ነገር ፓተንት ሊወጣበት ይችላል ያለው።

ሞንሳንቶ በዚያ ስሙ ዛሬ የለም። ባየር እ.ኤ.አ. በ2018 በ63 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ሲንጀንታ የሚባለውን ሌላ የዘር ኩባንያ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የቻይናው ኬምቻይና ወስዶታል። ዘርና ፀረ አረሙን አንድ ቤት ይሸጥልሃል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ከፍርዱ ይልቅ ይሄ ነው።

በእኛ አገር የፈጠራ አዋጁ፣ ቁጥር 123/1987፣ የዕፅዋት ዝርያን ፓተንት አይሰጥም። ስለዚህ ያ ክስ እዚህ መሠረት የለውም።

ያው ተማሪ፦ የአዳቃይ መብት የሚባለውስ? እሱም ፓተንት አይደል?

ይቀራረባሉ፤ ግን አንድ አይደሉም። አዲስ ዝርያ ያወጣ ሰው ዘሩን ለተወሰነ ዓመት በብቸኝነት የመሸጥ መብት ያገኛል። መጀመሪያ አዋጅ 481/1998 ነበር፤ ኋላ በ1068/2010 ተተካ። አነስተኛ ገበሬ ከማሳው ዘር አስቀርቶ መዝራቱ አልተከለከለም። ዩፖቭ የሚባለው የአዳቃይ መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1991ዱ መልኩ በዚህ ጉዳይ ጠበቅ ይላል። እኛ አባል አይደለንም፤ እንዳንሆንም እመኛለሁ።

ይህ መብት በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ማየት ከፈለግህ ጽጌረዳ የሚያመርቱ እርሻዎችን ጠይቅ። ለአዳቃዩ በአንድ እግር ጽጌረዳ ሒሳብ ይከፍላሉ። የነሱ ጉዳይ ከአያቴ ስንዴ ጋር አይገናኝም።

ከወረታ፦ ጤፋችንን ሆላንዶች ፓተንት አድርገውታል። መልሰን አገኘነው ወይስ አላገኘነውም?

ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣል። ዝርዝሩን ልንገርሽ እህቴ።

እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የሆላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ፈረመ፤ ጤፍ ወስዶ ጥቅሙን ሊያካፍል። በ2007 በአውሮፓ ፓተንት ተሰጠው። ፓተንቱ በተክሉ ላይ አልነበረም። በዱቄቱና በአሠራሩ ላይ ነው፤ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ቆይቶ ሲበስል፣ ከዚያ ሲፈጭ የሚገኘው ዱቄት። ኩባንያው በ2009 ከሰረ። ስምምነቱ አብሮ ሞተ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ ኩባንያ ተሻገረ። ጥቅም መጋራቱ ወረቀት ላይ ቀረ።

መጨረሻ ላይ ያዳነን የኢትዮጵያ ክስ አልነበረም። ሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች እርስ በርስ ተጣሉ፤ የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 «ይህ ፈጠራ አይደለም» ብሎ ፓተንቱን በሆላንድ ሻረው። ዜናውን ስሰማ ሳቄ መጣ። እናቴ አዲስ ጤፍ ቶሎ አታስፈጭም ነበር። ነዶው ተከምሮ ይቆያል፣ ተወቅቶም ጎተራ ይቆያል። «ይረፍ» ትል ነበር። እሷ ፓተንት አላወጣችም።

ከዚህ የተረፈኝ ትምህርት ሌላ ነው። አዋጅ 482/1998 ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት ቆንጆ ነገር ይላል። ዘሩ ድንበር ከተሻገረ በኋላ ግን አዋጃችን ሄግ ላይ አይሠራም። ውል ስንፈርም «ኩባንያው ቢከስርስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልገናል።

ከባሕር ዳር፣ እናት፦ ገበያ ያለው ትልልቁ ቲማቲም ጂኤምኦ ነው ይላሉ። ለልጆች ልስጥ?

ይስጡ። ጂኤምኦ ዘረ መሉ በቤተ ሙከራ የተለወጠ ማለት ነው፤ ዲቃላ መሆን ጂኤምኦ መሆን አይደለም። በ2010 ዓ.ም. አገራችን የፈቀደችው ቢቲ የሚባለውን የጂኤምኦ ጥጥ ነው እንጂ ቲማቲም አይደለም። ቲማቲሙን ግን በደንብ ይጠቡት፤ የሚረጨው ብዙ ነው።

ከፎገራ፦ የሽንኩርት ዘር ዋጋ አናታችን ላይ ወጣ። መፍትሔ አለው?

ወንድሜ፣ በቆርቆሮ የሚመጣው ዘር በዶላር ነው የሚገባው። ከዚያ በየመሐሉ ያለው ነጋዴ ይቆርጣል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ ገዝቼ ከአሥሩ ሦስቱ እንኳ አልበቀለም። የሽንኩርት ዘር ቶሎ ይሞታል፤ ዓመት ካለፈው አትንካው። ቆርቆሮው ላይ ያለውን ቀን እይ፣ ትንሽ በእርጥብ ጨርቅ አብቅለህ ሞክር።

ግን ቦምቤ ሬድ የሚባለው የሽንኩርት ዝርያ ዲቃላ አይደለም። ደህና ደህናውን ኮረት መርጠህ ብትተክል አበባ ያወጣል፣ ዘር ይሰጥሃል። ሁለት ነገር ጠብቅ። ሌላ ዓይነት ሽንኩርት ከጎንህ አያብብ፣ ንብ ያቀላቅለዋል። ሲያብብ ደግሞ መድኃኒት አትርጭ፣ ንቡ ከሞተ ዘሩም የለም። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ብትሠሩት የቆርቆሮውን ወጪ በደንብ ትቀንሳላችሁ።

ከአዴት፦ የድሮ ዘር ይሻላል ወይስ ምርጥ ዘር?

ይህን የመምረጥ ግዴታ የለብንም። ቁንጮ ጤፍ በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት የወጣ ምርጥ ዘር ነው፤ ጤፍ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል አስቀርተህ ብትዘራው አይበታተንም። ንጽሕናውን ብቻ ጠብቅ። የቁንጮ ወላጆች ደግሞ መነሻቸው የገበሬ ጤፍ ነው። ዶክተር መላኩ ወረደ የዘር ባንካችንን ሲመሩ የታገሉት ለዚህ ነበር፤ የገበሬው ዘር ማሳ ላይም እንዲኖር። ባንኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው።

ከደቡብ አቸፈር፦ አያቴ ያስቀመጡት የግብጦና የዳጉሳ ዘር ቤት አለ። ለማን ልስጠው?

መጀመሪያ ለራስህ። ከእያንዳንዱ ግማሹን ዘንድሮ ዝራ፤ ጎተራ ውስጥ የከረመ ዘር ከዓመት ዓመት ይደክማል። ከቀረው ጥቂት ወደ አዴት ምርምር ውሰድ። የትኛው ቀበሌ፣ ምን ዓይነት አፈር፣ አያትህ ምን ብለው እንደሚጠሩት ጻፍበት፤ ስም የሌለው ዘር እዚያም ብዙም አይጠቅምም። በዚህ በኩል ካለፍክ ግብጦውን ይዘህልኝ ና። ያልተዘፈዘፈ ከሆነ ግን አልቀምስም።