የቆርቆሮዋን ጣቢያ ቀለም አትቀቢያት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ያየሁት ትናንት ማታ ነው። በስልክ የሚመለስ ስላልመሰለኝ ዛሬ ተረጋግቼ ተቀመጥኩ። ለሌሎቻችሁም እንዲገባችሁ ጥያቄዋን ባጭሩ ላስቀምጥ። ጀርመን አገር ኑረምበርግ ውስጥ፣ አሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ፣ ለመጫወቻ ባቡር የተሠራች የቆርቆሮ ጣቢያ ገዛች። ጣሪያዋ ዝጓል። ጭስ መውጫዋ የለም፣ ቀዳዳው ብቻ ነው የቀረው። ግድግዳዋ ላይ «ቤ ቬ» የሚሉ ሁለት ፊደላት አሉ። አዲስ ቀለም ልቀባት ወይ? ባቡሩ ሳይኖረኝ ጣቢያና የሐዲድ ዳር ምልክት ብቻ ብሰበስብስ ያስኬዳል ወይ? ነው የምትለው።

እባክሽ ቀለሙን አትንኪው። ስፕሬይ ገዝተሽ ከሆነም መልሺው።

የያዝሽው ነገር ምን እንደሆነ ልንገርሽ። «ቤ ቬ» ማለት ቢንግ ቬርከ ነው። ቢንግ እዚያው አንቺ ያለሽበት ከተማ የነበረ ፋብሪካ ነው። በዘመኑ የዓለም ትልቁ መጫወቻ አምራች ይባል ነበር። የቀድሞ ዕቃዎቹ ላይ «ጌ ቤ ኤን» ነው የሚለው፤ የቢንግ ወንድማማቾች፣ ኑረምበርግ ማለት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ምልክቱ ተቀየረና «ቤ ቬ» ሆነ። በ1932 ድርጅቱ ከሰረ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ስለዚህ ጣቢያሽ በሁለቱ መካከል የተሠራች ናት። ያንን ሁሉ ዘመንና ያንን ሁሉ ቦምብ የት ተደብቃ እንዳለፈች እግዜር ይወቅ።

አሁን አጉሊ መነጽር ፈልጊና ግድግዳዋን ጠጋ ብለሽ እዪ። ጡቡ፣ የመስኮቱ መጋረጃ፣ ሰዓቱ፣ ሁሉም በብሩሽ የተሣለ አይደለም። ዝርግ ቆርቆሮ ላይ እንደ ጋዜጣ ከታተመ በኋላ ነው ተቆርጦና ተጣጥፎ ቤት የሆነው። ሊቶግራፍ የሚሉት ይሄን ነው። ጥሩ ሠዓሊ ብትቀጥሪ እንኳን ያንን የሕትመት ነጠብጣብ አይመልስልሽም። አንዴ ከተሸፈነ አለቀ።

እኔ በዚህ ተቃጥያለሁ። ከዓመታት በፊት የሆርንቢ ጣቢያ ገዛሁ፤ የእንግሊዞቹ፣ የሊቨርፑል ሥራ ነው። ፊቱ ላይ «ማርጌት» የሚል የከተማ ስም ታትሞበታል። አቧራውን ላጽዳ ብዬ የመስታወት ማጽጃ ነፋሁበትና በጥጥ ጠረግኩት። ጥጡን ገልብጬ ሳየው አረንጓዴና ቢጫ ሆኗል። ከስሙ የመጨረሻው ፊደል ሄዶ ነበር። ያ ጣቢያ ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ አለ። ባየሁት ቁጥር ይከነክነኛል።

ማጽዳት የግድ ከሆነ እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ለስላሳ የሜካፕ ብሩሽ፣ ደረቁን። ካልበቃ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ የሕፃን ሻምፑ ጣል አድርጊና፣ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ከሥሯ፣ ከማይታይ ቦታ ሞክሪ። ጥጡ ላይ ቀለም ካየሽ እዚያው አቁሚ። ካልለቀቀ በጥቂት በጥቂቱ ቀጥዪ። ወዲያው ወዲያው አድርቂ፤ ውሃ መጋጠሚያው ውስጥ ከቀረ ከውስጥ ይዝጋል። የጣሪያውን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፈትጊው። የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ አድርገሽበት አሳድሪውና በጥጥ ጥረጊው። ዝገቱ ጠቅልሎ አይጠፋም፤ ግን እንዳይስፋፋ ይይዘዋል።

ስለ ጭስ መውጫው አትቸኩዪ፤ ከመጀመሪያውም ላይኖራት ይችላል። የዚያን ዘመን ጣቢያዎች ብዙዎቹ ውስጣቸው ሻማ ይበራ ነበር። ጣሪያው ላይ ቀዳዳ የሚተውት ሙቀቱና ጭሱ እንዲወጣ ነው። ጣሪያዋ የሚነሣ ከሆነ አንሥተሽ በባትሪ ውስጧን እዪ። ትንሽ የሻማ ማስቀመጫ፣ የጠቆረ ጥላሸት፣ ምናልባትም የደረቀ የሰም ጠብታ ታገኚ ይሆናል። ካገኘሽ እሱን አታጽጂው። አንድ ልጅ መብራት አጥፍቶ፣ ሻማ ለኩሶ መስኮቶቹ ሲበሩ ያየበት ምልክት ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ጥላሸት ከአዲስ ቀለም አሥር እጥፍ እወደዋለሁ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ስመጣ፣ አዎ፣ ያለ ባቡር መሰብሰብ ይቻላል። እኔ ራሴ እንዲያ ነኝ። ሎኮሞቲቭ ሁሉም ይፈልገዋል፣ ዋጋውም አይቀመስም። ጣቢያ፣ ምልክት፣ የመብራት ምሰሶ፣ ማቋረጫ መዝጊያ ግን ብዙ ጊዜ ካርቶን ውስጥ ተደባልቆ ነው የሚገኘው። ልኩም ያን ያህል አያስጨንቅም። ዜሮ የሚሉት ሐዲድ ስፋቱ 32 ሚሊሜትር፣ አንድ የሚሉት 45 ነው። የጥንቶቹ አምራቾች ግን ለቤቶቹ ቁመት ብዙም አይጨነቁም ነበርና አንዱ ከሌላው ጋር ይሄዳል።

እኔን የጀመረኝ የላየነል ቁጥር 45 ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጎረቤቴ ያርድ ሴል ላይ (ግቢው ውስጥ አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ) ካወጣው ሣጥን ውስጥ አገኘሁት። በ1935 የወጣ የአሜሪካ ዕቃ ነው። ከአንዲት የብረት ጎጆ አጠገብ የማቋረጫ ምልክት ቆሟል። ባቡሩ ሲመጣ ኤሌክትሪኩ ይገናኛል፣ የጎጆዋ በር ብርግድ ይልና ዘበኛው ፋኖስ ይዞ ይወጣል። ባቡሩ ሲያልፍ ተመልሶ ይገባል። በቃ፣ ይሄው ነው። እኔ ግን ድሬዳዋ ነው ያደግኩት፣ አባቴም የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ልጅ ሆኜ ዓይኔ የሚሄደው ባቡሩ ላይ ሳይሆን ባንዲራ ይዞ የሚቆመው ሰውዬ ላይ ነበር። ያ ዘበኛ ከጎጆው ሲወጣ ሳየው ሌላ ነገር አያስፈልገኝም አልኩ። ከ1950 ጀምሮ ጎጆዋ ፕላስቲክ ሆናለች፤ ስትገዢ ለዪ።

ቀጣዩን ስትገዢ ገልብጠሽ ሥሩን እዪ። ግድግዳዎቹ የሚያያዙት በቀዳዳ ገብተው በሚታጠፉ ትናንሽ የቆርቆሮ ምላሶች ነው። ያልተነካ ዕቃ ከሆነ ምላሱ የታጠፈበት ቦታ ቀለሙ ተሰነጣጥቆ ብረቱ ይታያል። እጥፋቱ ላይ ሳይቀር ወጥ ቀለም ካየሽ፣ ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ እንደገና ተቀብቷል። ምላሶቹን ለመፍታት አትሞክሪ፤ አንዴ ሁለቴ ከታጠፉ ይሰበራሉ። የ1920ዎቹ ነው በተባለ ዕቃ ላይ ባለ መስቀል ብሎን ካየሽም ጠይቂ፤ ያ ብሎን የመጣው በ1930ዎቹ ነው። «ዩ ኤስ ዞን ጀርመኒ» የሚል ካለበት ደግሞ ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ፣ አገሪቱ በተያዘችበት ጊዜ የተሠራ ነው።

ልጆች ካሉሽ ከፍ አድርገሽ አስቀምጪ። የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚሉት መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። የኤሌክትሪክ ገመድ ያለበት ዕቃ ካገኘሽም ግድግዳ ላይ እንዳትሰኪው፤ መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ይየው።

አንቺ ደግሞ ምንጩ ላይ ነሽ። ኑረምበርግ የመጫወቻ ሙዚየም አላት፤ ጣቢያሽን ከእነሱ ዕቃ ጋር አስተያዪ። ጊዜ ካገኘሽ ጎፒንገን ሂጂና የመጫወቻ ባቡር አምራቹን የሜርክሊንን ሙዚየም እዪ። ዛሬ የምናውቃቸውን የመጫወቻ ሐዲድ ስፋቶች በ1891 ላይፕዚግ ትርኢት ላይ በሥርዓት ያቀረበው እሱ ነው።

ለጊዜው ግን ሁለት ፎቶ ላኪልኝ፣ አንድ የሥሯን፣ አንድ የውስጧን። የጣሪያውን ቀዳዳም በሚሊሜትር ለኪው። ጠርዙ አጠገብ ለምላስ የተቆረጡ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ካሉ እዚያ ጭስ መውጫ ተገጥሞ ነበር ማለት ነው። የመጫወቻ ባቡር ሰብሳቢዎች በዓመት ሁለቴ፣ ኤፕሪልና ኦክቶበር ላይ፣ ፔንሲልቬንያ ዮርክ ከተማ ይገናኛሉ። የኦክቶበሩ ላይ እኖራለሁ። መለዋወጫ በካርቶን የሚሸጡትን አንድ በአንድ ዞሬ እጠይቅልሻለሁ።