የአንባቢያን ጥያቄ፦ ዋትሳፔን ማን እያነበበብኝ ነው?

ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት 11 ዓመት ሞባይል ጠግኛለሁ። ስለዚህ ደብዳቤዎቻችሁን የማነበው እንደ ሕግ ባለሙያ ሳይሆን የሰው ስልክ ሲከፍት እንደኖረ ሰው ነው። ለዛሬ አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ከለቀቅኩ አራት ወር ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት የድሮ ባልደረባዬ መንገድ ላይ አገኘችኝና «እህትሽ ከባሏ ጋር ታረቀች?» አለችኝ። ክው ነው ያልኩት። ይህን ጉዳይ ከእህቴ ጋር ያወራነው በዋትሳፕ ብቻ ነው። መተግበሪያው ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም አያነበውም ይል የለ? ታዲያ ውሸቱን ነው? (ሜ.ተ.)

መልስ፦ እህቴ፣ ውሸቱን አይደለም። ዋትሳፕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መልእክቶችን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመሰጥራል። መልእክቱ ካንቺ ስልክ ሲወጣ ይቆለፋል፣ እህትሽ ስልክ ላይ ሲደርስ ይከፈታል። መሃል ላይ ያለ ሁሉ፣ ኩባንያውን ጨምሮ፣ የሚያገኘው የተዘበራረቀ ፊደል ነው። ችግሩ ምስጠራ የሚጠብቀው መንገዱን ነው። ደጁን አይጠብቅም።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ አንድ ነገር ጠረጠርኩና ጠየቅኩሽ፦ መሥሪያ ቤት ሳለሽ ዋትሳፕሽን ኮምፒዩተር ላይ ከፍተሽ ታውቂያለሽ? «አዎ፣ ፋይል ለመላክ ስለሚቀለኝ» አልሽኝ። ከዚያ ሴቲንግ ገብተሽ «ሊንክድ ዲቫይስስ» የሚለውን ስትከፍቺ ሁለት መሣሪያ ተደርድሮ አገኘሽ። አንዱ የራስሽ ላፕቶፕ ነው። ሌላው «ዊንዶውስ» ይላል፤ ከሥሩ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው ዛሬ መሆኑ ተጽፏል። ዛሬ! ትተሽው በሄድሽው ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ የእህትሽን ትዳር ሲከታተል ከርሟል ማለት ነው።

ዋትሳፕ ከስልክሽ ሌላ እስከ አራት መሣሪያ ድረስ ማገናኘት ይፈቅዳል። መሣሪያዎቹ በራሳቸው የሚወጡት ስልክሽን ለ14 ቀን ሳትጠቀሚበት ከቀረሽ ነው። ስልኳን በየቀኑ የምትነካካ ሰው ላይ ግን ያ አይደርስም፤ የድሮው ኮምፒዩተር እንደተከፈተ ይኖራል። መፍትሔው ስሙን ነክቶ «ሎግ አውት» ማለት ነው። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። አንቺም አድርገሽዋል፤ ተገላግለሻል።

እግረ መንገድሽን ባክአፑንም፣ ማለትም የቻትሽን መጠባበቂያ ቅጂ፣ እዪው። ቻትሽ ጉግል ድራይቭ ወይም አይክላውድ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ቅጂው በአንቺ ቁልፍ የሚመሰጠረው ራስሽ ስታበሪው ብቻ ነው። ምርጫው የመጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ብዙ ሰው አላበራውም። ስታበሪው በይለፍ ቃል የምትቆልፊው ከሆነ፣ እሱን ከረሳሽው ኩባንያውም አያድንሽም። ወረቀት ላይ ጽፈሽ አስቀምጪው።

ባልደረባሽን በተመለከተ፣ የተከፈተ አግኝታ ነው ብለሽ ጥፋቷን አታቅልዪላት። የሰው ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ስለተረሳ አይነበብም። ይህን ስል ግን እኔም ንጹሕ ሆኜ አይደለም። አንድ ቀን ስክሪን ቀይሬ ስጨርስ፣ የደንበኛዬ ስልክ ጠረጴዛዬ ላይ እንዳለ መብራቱ ቦግ አለ። የምርመራ ውጤት ነበር። ዓይኔን መመለስ ስችል እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ሰውየው ስልኩን ሊወስድ ሲመጣ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። ያን ቀን ማንም ምንም አልሰበረም፣ ምንም አልጠለፈም። የኖቲፊኬሽን ጽሑፍ ስልኩ ተቆልፎም ይታያል፤ ያው ነው። ሴቲንግ ውስጥ ይዘቱ እንዳይታይ ማድረግ ይቻላል፤ አድርጉት።

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ «እኔ የምደብቀው የለኝም፣ ከፈለጉ ያንብቡት» ይላል። ደግሞም ማን ለማን እንደደወለ ብቻ ቢታወቅ ምን ችግር አለው ነው የሚለው። ምን ብዬ ልመልስለት? (ተማሪ)

መልስ፦ ስልኩን ክፍቱን ስጠኝና ለአንድ ሰዓት ልያዝልህ በለው። እስካሁን ይህን ስጠይቅ እሺ ያለኝ ሰው አልገጠመኝም። እንዲያውም ለጥገና ሲመጡ ፒናቸውን ወረቀት ላይ ጽፈው በፕላስተር ስልኩ ጀርባ ላይ የሚለጥፉት ሰዎች ናቸው ፊቴ ቆመው «ጋለሪውን እንዳትነካ» የሚሉት። አማርኛችን ለዚህ ጥሩ ቃል አለው፦ ገበና። ገበና ወንጀል አይደለም። የታመመ ዘመድ፣ የከሸፈ ብድር፣ ያልተነገረ ፍቅር ነው። ወንድምህም አለው።

ማን ለማን ደወለ የሚለው ነገር ሜታዳታ ይባላል፤ ከጽሑፉ ያነሰ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ጥናት አለ። ከ800 በላይ ፈቃደኞች የስልክ ጥሪ ዝርዝራቸውን ሰጡ፤ የተባለው ነገር ሳይሆን የተደወለበት ቁጥር፣ ሰዓቱና ርዝመቱ ብቻ። ከአንዱ ዝርዝር ውስጥ የልብ ሐኪሞች ጋ ረዘም ያለ ጥሪ፣ ላቦራቶሪ፣ መድኃኒት ቤት፣ ከዚያ የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ የእርዳታ መስመር ተገኘ። ሰውየው የልብ ምት መዛባት እንዳለበት ለማወቅ አንድ ቃል መስማት አላስፈለጋቸውም።

ለዚህ ነው እኔ መተግበሪያ ስመርጥ «ይመሰጥራል ወይ?» ብዬ ብቻ የማልተወው። «ምን ያስቀምጣል?» እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲግናል የተባለው የመልእክት መተግበሪያ በአሜሪካ ፍርድ ቤት በኩል የአንድ ተጠቃሚ መረጃ ተጠየቀ። ሊሰጥ የቻለው ሁለት ነገር ነው፦ አካውንቱ የተከፈተበት ጊዜና ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበት ቀን። የሌለውን ከየት ያመጣል? ቴሌግራም ላይ ደግሞ ተራው ቻት የሚቀመጠው ኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው «ሲክሬት ቻት» ብለህ የከፈትከው ብቻ ነው፤ ግሩፕ ላይ ደግሞ ጭራሽ የለም። ስንቱ ሰው ቴሌግራምን «በጣም ሚስጥራዊ ነው» ብሎ እንደሚምል ሳስብ ይገርመኛል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ጡረታ የወጣሁ መርማሪ ፖሊስ ነኝ። ስልክ በመጥለፍ ያዳንናቸው ሰዎች አሉ። የተመሰጠረውን መልእክት የሚከፍት፣ ለፖሊስ ብቻ የሚሆን አንድ ቁልፍ ቢቀመጥ ምን ክፋት አለው? የምታወሩት ነገር ወንጀለኛ የሚያደልብ ይመስለኛል።

መልስ፦ ጋሼ፣ ልፋትዎን አከብራለሁ። ዳኛ ፈቅዶ፣ የሰውየው ስም ተጠቅሶ፣ ጊዜው ተወስኖ የሚደረግ ክትትል ላይ ጸብ የለኝም። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የሰብአዊ መብቶች ሁሉ አቀፍ መግለጫ በአንቀጽ 12 የሚከለክለውም በሰው የግል ሕይወት፣ ቤተሰብ፣ ቤትና ደብዳቤ ውስጥ በዘፈቀደ መግባትን ነው።

ጸቤ ከቁልፉ ጋር ነው። ቁልፍ ማን እንደያዘው አያውቅም። በግሪክ እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2005 ከ100 በላይ ሰዎች ስልክ ለወራት ተጠልፎ ቆይቷል፤ ከተጠለፉት አንዱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኮስታስ ካራማንሊስ ነበሩ። ጠላፊዎቹ ብዙ አልደከሙም። የስልክ ማዞሪያው ውስጥ ለሕጋዊ ጠለፋ ተብሎ የተሠራ ሶፍትዌር ነበር፤ በድብቅ ቀሰቀሱት። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣችው ሕግ የስልክ ኩባንያዎች ኔትወርካቸውን ለጠለፋ እንዲያመቹ አስገድዳለች። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ ከቻይና መንግሥት ጋር ግንኙነት አላቸው የተባሉ ሰርጎ ገቦች እነዚያው ኩባንያዎች ውስጥ ገቡ፤ የጠለፋ ጥያቄዎች የሚስተናገዱበትም ሥርዓት አልተረፈም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአሜሪካ ባለሥልጣናት ለሕዝቡ የሰጡትን ምክር ያውቃሉ? የተመሰጠረ መልእክት ተጠቀሙ።

እርስዎ ታማኝ ሰው ነዎት። እርስዎ ጡረታ ሲወጡ ግን ቁልፉ ጡረታ አይወጣም።

ጥያቄ፦ ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ሳታውቅ ስልኳን የሚያሳየኝ መተግበሪያ አለ ብለውኛል። ልጫንባት? (እናት)

መልስ፦ አይጫኑባት። የእነዚህ መተግበሪያዎች አሠራር ግልጽ ነው፦ የልጅዎን ፎቶ፣ መልእክትና ያለችበትን ቦታ ገልብጠው መጀመሪያ ወደ ራሳቸው ሰርቨር ይወስዳሉ፣ ከዚያ ለእርስዎ ያሳያሉ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ስፓይፎን የተባለውን ኩባንያ ከዚህ ንግድ ጭራሽ አግዶታል፤ ከሰው ስልክ በድብቅ የሰበሰበውን መረጃ እንኳ በአግባቡ አልጠበቀም ነበር። እርስዎ ብቻ የሚያዩት መስሎዎት ለማያውቁት ሰው ያሳዩዋታል።

ያሳሰበዎት ነገር ካለ ስልኳን እሷ ባለችበት አብራችሁ ክፈቱት። አካውንቷን ማን ማየት እንደሚችል፣ የማታውቀው ሰው መጻፍ ይችል እንደሆነ አብራችሁ አስተካክሉ። ደግሞ የ15 ዓመት ልጅ ስልክ ውስጥ የተደበቀ ነገር ብዙ ይቆያል ብለው አያስቡ። የጫኑባት ቀን ሳይመሽ ነው የምታገኘው።