የከሰረ መኪና አምራች በመንግሥት ገንዘብ ይዳን ወይ? ከአባላት ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ቸርችል ጎዳና አቅራቢያ ባለው አዳራሽ ባካሄድነው ወርኃዊ ውይይት ላይ አባላት ያነሧቸው ጥያቄዎች ከሰዓታችን በላይ ስለነበሩ፣ መልሶቼን በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። መነሻችን እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 የአሜሪካ መንግሥት ጄኔራል ሞተርስንና ክራይስለርን ለማዳን የወሰደው እርምጃ ነበር። በባንክ ብድር ክፍል ስሠራ የተበላሹ ብድሮችን በቅርብ ስለተከታተልሁ አቋሜን አስቀድሜ እገልጻለሁ፦ መንግሥት ሌላ አበዳሪ በጠፋበት ጊዜ ፋብሪካውንና ሠራተኛውን ሊያድን ይችላል፤ ባለአክሲዮኑንና ሥራ አስኪያጁን ግን ከኪሳራቸው ሊያድናቸው አይገባም።

ጥያቄ፦ በነጻ ገበያ የከሰረ ድርጅት ይዘጋል። ግብር ከፋዩ ስለምን ይከፍላል?

በደህናው ጊዜ ቢሆን ኖሮ ከጠያቂው ጋር እስማማ ነበር። በአሜሪካ የኪሳራ ሕግ ምዕራፍ 11 መሠረት አንድ ድርጅት ሥራውን ሳያቆም ዕዳውን በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር እንደገና ማደራጀት ይችላል፤ ይሁን እንጂ እስከዚያው ደመወዝና የዕቃ ዋጋ የሚከፍልበት አዲስ ብድር ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የፋይናንስ ገበያው ተዘግቶ ስለነበር ያን ያህል ገንዘብ የሚያበድር ባንክ አልተገኘም። ስለዚህ የቀረው አማራጭ ማሽኑን እየነቀሉ መሸጥ ነበር።

ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ የፎርድ ምሳሌ ነው። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2006 ንብረቱን አስይዞ አስቀድሞ ስለተበደረ የማዳኛውን ገንዘብ አልወሰደም፤ ሆኖም የኩባንያው ኃላፊ አለን ሙላሊ ኮንግረስ ፊት ቀርበው ተፎካካሪዎቻቸው እንዲረዱ ተከራክረዋል። ፍሬን ወይም መቀመጫ የሚሠራው አነስተኛ ፋብሪካ ለሦስቱም ኩባንያዎች ያቀርባል፤ ሁለቱ ሒሳቡን ሳይከፍሉት ቢዘጉ እርሱም ይዘጋል፣ በማግሥቱም የፎርድ መገጣጠሚያ ፍሬን አጥቶ ይቆማል። ተፎካካሪ ለተፎካካሪው የሚሟገተው አደጋው የራሱን በር ሲያንኳኳ ነውና ይህን ምስክርነት ከብዙ የምሁራን ትንታኔ አስበልጬ አየዋለሁ።

ጥያቄ፦ ገንዘቡ ተመለሰ?

ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። የአሜሪካ ግምጃ ቤት በጄኔራል ሞተርስ ላይ 49.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አውሎ፣ የመጨረሻውን አክሲዮን በታኅሣሥ 2013 (እ.ኤ.አ.) ሲሸጥ የሰበሰበው 39 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። የዳነው የሥራ መስክ ልዩነቱን ይክሳል የሚለውን ክርክር እቀበላለሁ፤ ቢሆንም ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ የጠፋው ገንዘብ በስሙ ኪሳራ ተብሎ መጻፍ አለበት። ክራይስለር ግን ከዚህ በፊት በነበረው ማዳን፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በጸደቀለት የ1.5 ቢሊዮን ዶላር የብድር ዋስትና የተበደረውን በ1983 ከጊዜው አስቀድሞ ከፍሎ አጠናቅቋል፤ መንግሥትም ከዚህ ትርፍ አግኝቷል።

ጥያቄ፦ ኪሳራውን ማን ተሸከመ?

የጄኔራል ሞተርስ የቀድሞ ባለአክሲዮኖች ድርሻቸውን አጡ፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ሪክ ዋጎነርም በመጋቢት 2009 (እ.ኤ.አ.) በመንግሥት ጥያቄ ለቀቁ። መያዣ ሳይቀበሉ ለኩባንያው ያበደሩት ቦንድ ያዦች በአዲሱ ኩባንያ ውስጥ 10 በመቶ ብቻ ሲደርሳቸው፣ የሠራተኛ ማኅበሩ የጡረተኞች ጤና ፈንድ 17.5 በመቶ አገኘ። በእኔ እምነት አካሄዱ በአመዛኙ ትክክል ነበር። የማልቀበለው የዴልፋይን ጉዳይ ነው፦ በዚያ የመለዋወጫ አምራች የማኅበሩ አባላት ጡረታ በጄኔራል ሞተርስ ሲሟላ፣ በቢሮ ሥራ ያረጁት ሠራተኞች ጡረታ ተቆርጦ ቀርቷል። በአንድ ድርጅት ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰዎች በማኅበር አባልነታቸው ብቻ ሲለያዩ ማየት ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ እነግዳለሁ። አምራቹ ከተዘጋ ዕቃው ከየት ይመጣል?

ይህ ሥጋት ሽያጩን አስቀድሞ ይገድለዋል፤ ነገ ሊዘጋ ከሚችል ኩባንያ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው የለም። በዚህም ምክንያት የአሜሪካ መንግሥት በመጋቢት 2009 (እ.ኤ.አ.) የሁለቱ ኩባንያዎች የጥገና ዋስትና እንደሚከበር ራሱ ቃል ገባ። የስዊድን መንግሥት በበኩሉ ሳብ የተባለውን መኪና አምራች ባለቤት ሆኖ ለማዳን ፈቃደኛ ስላልሆነ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ከሰረ፤ የመለዋወጫ ድርጅቱን ግን ለብድር ዋስትና በመያዣነት ይዞት ስለነበር ተረክቦ ሥራውን አስቀጠለ። መኪናው ቢቀርም ዕቃው አልጠፋም።

ጥያቄ፦ ማዳኑ ያልተሳካበት አገር አለ?

አለ፤ እንግሊዝ። ብሪቲሽ ሌይላንድ እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ መንግሥት ከዞረ በኋላ በየጊዜው ገንዘብ ፈሰሰበት። እ.ኤ.አ. በ1988 ለብሪቲሽ ኤሮስፔስ፣ በ1994 ለቢኤምደብሊው ተሸጠ፤ በ2000 የመኪና ሥራው ዋና ክፍል በ10 ፓውንድ ተላለፈ፤ በ2005 ሲዘጋም ስድስት ሺህ ያህል ሠራተኞች ተበተኑ። የአሜሪካው እርምጃ በፍርድ ቤት በኩል አልፎ ዕዳውን፣ የአክሲዮን ድርሻውንና የበዙትን የመኪና ስያሜዎች በጥቂት ሳምንታት ቆርጧል፤ የእንግሊዙ መውጫ ቀን ሳይቆረጥለት ለዓመታት ተጎተተ።

ጥያቄ፦ ለእኛ አገር ምን ይጠቅመናል?

ጄኔራል ሞተርስን የሚያህል መኪና አምራች የለንም፤ የከሰረን ድርጅት በሕዝብ ገንዘብ መሸከምን ግን እናውቀዋለን። የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሳይከፍሉ የቀሩት ዕዳ ወደ መንግሥት ዞሮ፣ በ2017 ዓ.ም. 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ ቦንድ ተፈቅዷል። ባንኩን ማዳን ግዴታ እንደነበር አምናለሁ፤ ሆኖም ዕዳውን የፈጠሩት ኃላፊዎች ምን ዋጋ ከፈሉ የሚለውን የመጠየቅ መብት አለን። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን የከሰረን ድርጅት በፍርድ ቤት ሥር መልሶ ማደራጀትን ስለሚፈቅድ፣ ወደ ግምጃ ቤት ከመሮጥ በፊት ይህ መንገድ ይሞከር። ገንዘብ የሚወጣ ከሆነም የድርጅቱ ስም፣ የወሰደው መጠን፣ የተነሡት ኃላፊዎችና መንግሥት የሚወጣበት ቀን ለሕዝብ በይፋ ይገለጹ።