ፖድካስቱ ደንበኛ ያመጣልኛል ወይ? ለድሬዋ ሳይኮሎጂስት

ሰላም እህቴ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ማስተርስሽን ይዘሻል፣ ሳቢያን ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተሽ ሥራ ከጀመርሽ ስምንት ወር ሆነሽ፣ በሳምንት ከሦስት አራት ሰው በላይ አይመጣም። ጓደኞችሽ «ፖድካስት ጀምሪ» አሉሽ። አንቺም በ60 ሺህ ብር ማይክና ካሜራ ልትገዢ አስበሽ፣ «ለመሆኑ ደንበኛ ያመጣልኛል ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ዕቃውን አትግዢ። ፖድካስቱን ግን ጀምሪ።

በመጀመሪያው ወር ማንንም ላያመጣልሽ ይችላል። ግን ሰው አንቺ ጋ ለምን እንደማይመጣ አስቢው። ችግር ጠፍቶ አይደለም። በሩ ላይ ማን ያየኛል ይላል፣ «አብዷል» እንዳይባል ይፈራል፣ ገብቶ ምን እንደሚጠየቅም አያውቅም። ፖድካስት የሚጠቅምሽ እዚህ ላይ ነው። ድምፅሽን አሥር ጊዜ የሰማ ሰው በርሽን ሲያንኳኳ እንግዳ አትሆኚበትም።

ለሁሉም ሰው አታውሪ አቦ፣ አንድ ሰው ምረጪ። ታይዋን ገበያ ሱቅ ውስጥ የምትውል ሴት አስቢ። አንዱን ኤርፎን ሻሿ ሥር ሸጉጣ በሌላው ጆሮዋ ከገዢ ጋር ዋጋ ትከራከራለች። ባሏ ጅቡቲ ነው፣ ልጆቹን ብቻዋን ታሳድጋለች፣ ሌሊት እንቅልፍ የላትም። ለሷ «የጭንቀት ዓይነቶችና መንስኤዎቻቸው» ብለሽ ሌክቸር ብትጀምሪ ታጠፋዋለች። «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅተሽ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለሽ?» ብትያት ግን ገዢውን ትታ ትሰማሻለች። ከዚያ የምትይዘው ነገር ስጫት። ከሰዓት የተቃመ ጫት ሌሊት እንቅልፍ እንደሚነሳ ንገሪያት። 20 ደቂቃ ያህል ተገላብጣ እንቅልፍ እምቢ ካላት ከአልጋዋ ወርዳ ጸጥ ያለ ነገር ብትሠራና እንቅልፉ ሲመጣ ብትመለስ እንደሚሻልም ንገሪያት። የጫት ነገር ብቻውን ብዙ ክፍል ይወጣዋል፣ እንደ ድሬ ልጅ የሚያወራበትም የለም። ኦሮምኛ እንደምትችዪ ጽፈሻል፣ እንግዲያው አንዱን በአማርኛ ሌላውን በኦሮምኛ ሥሪው።

ለቀረጻው ስልክሽ ይበቃል። ከአፍሽ አንድ ስንዝር ያህል አርቂው፣ አልጋና ልብስ ያለበት ክፍል ግቢ፣ መስኮቱ ላይ ጋቢ ስቀዪ፣ ባዶ ክፍል ድምፅ ያስተጋባል። ቬንትሌተሩን አጥፊ። በድሬ ሙቀት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ቀረጻው ላይ ዝናብ የሚዘንብ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ባጃጆቹም መንገዱን ሳይሞሉት በጠዋት ቅጂ። 20 ደቂቃውን በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር)፣ በሰከንድ 64 ኪሎቢት በሚባለው ጥራት ብታስቀምጪው 10 ሜጋባይት እንኳን አይሞላም፣ ዳታ ቆጥቦ የሚጠቀም ሰው ሳይሳሳ ያወርደዋል። መጀመሪያ ቴሌግራም ላይ፣ ከዚያ ዩቲዩብና ስፖቲፋይ ላይ አድርጊው።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ። የደንበኞችሽን ታሪክ እንዳታወሪ። ስም ቀይረሽም ቢሆን።

ከዓመታት በፊት አንድ መድረክ ላይ ስለማማክረው አንድ ሥራ ፈላጊ ወጣት ተናገርኩ። ስሙን ቀየርኩ፣ ሰፈሩን ቀየርኩ። አባቱ የባቡር ሠራተኛ እንደነበሩና እሱ ሁለቴ ከሥራ እንደተባረረ ግን እንዳለ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ቀፊራ ገበያ እናቱ አገኙኝ። ዘንቢላቸውን መሬት አስቀመጡና «ልጄን ምነው?» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ልጁም ከዚያ በኋላ እኔ ጋ አልመጣም። ድሬ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፣ አንቺ የያዝሽው ደግሞ ከሥራ ፍለጋ የከበደ ምሥጢር ነው። በሕግም ቢሆን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ይቆጥረዋል። «ፈቅዶልኛል» ብትዪኝ እንኳን አይዋጥልኝም፣ ምክንያቱም እርዳታሽን ፈልጎ ፊትሽ የተቀመጠ ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል። ምሳሌ ሲያስፈልግሽ ራስሽ ፍጠሪ፣ የፈጠርሽው መሆኑንም ለሰሚው ተናገሪ።

ሌላው፣ ሰው በውስጥ መስመር ይጽፍልሻል፣ በተለይ ማታ ማታ። እዚያው ማከም እንዳትጀምሪ። ፖድካስቱ ሕክምና እንዳልሆነ በየክፍሉ መግቢያ ላይ ተናገሪ፣ ለሚጽፍልሽ ሰው ቀጠሮ ስጪ። ራሱን ሊያጠፋ እንዳሰበ የጻፈልሽን ግን ለነገ አታሳድሪው። ደውዪለት፣ ብቻውን እንዳይሆን የሚያምነውን ሰው አስጠሪ፣ ድል ጮራም ይሁን የሚቀርበው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እንዲወስዱት አድርጊ። ይህን ሁሉ የመጀመሪያውን ክፍል ሳትለቂ ጽፈሽ አዘጋጂው። ዲግሪሽንና የሙያ ፈቃድሽንም እንዳለ ተናገሪ፣ ሰው «ዶክተር» ቢልሽ አርሚው።

ደንበኛ የሚያመጣልሽ አድማጩ ብቻ አይደለም። አንዲት አዋላጅ ነርስ ጋብዢ፣ የትምህርት ቤት መምህር ጋብዢ፣ ሼኽም ቄስም ጋብዢ። የተጨነቀ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው እነሱ ጋ ነው። አንድ ሰዓት አብረውሽ አውርተው ካመኑሽ ሰው ይልኩልሻል። ድሬ ውስጥ ላሉት ፋብሪካዎችም ስለ ሠራተኞች ጭንቀት የሠራሽውን ክፍል ይዘሽ ሂጂ፣ ከሲቪ ይልቅ እሱ ይናገርልሻል።

60 ሺውን ለቤት ኪራዩ አስቀምጪው። ሦስት ክፍል ቀድተሽ እስክትጨርሺ ምንም አትልቀቂ። ሦስቱንም መጀመሪያ ለኔ ላኪልኝ፣ ቁጭ ብዬ እሰማቸዋለሁ።