ዶርም የገባችሁ ዕለት ኮሪደሩን እስከ ጫፍ ሂዱበት

ልጆቼ፣ ባሕር ዳር ውስጥ በድንገተኛ ክፍል ነርስነት ረጅም ዓመት ሠርቻለሁ። ተማሪ ታሞ ወይም ተጎድቶ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ተሸክመው የሚያመጡት የዶርም ጓደኞቹ ናቸው። እኛ ጋ ከመድረሱ በፊት እነዚያ ልጆች ያደረጉት ወይም ያላደረጉት ነገር አለ። ከሐኪሙ ሥራ እኩል የሚቆጠርበትን ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ለዚያች ጥቂት ደቂቃ ነው።

ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ፔዳም ግቡ ፖሊ፣ ዘንዘልማም ይድረሳችሁ ይባብ፣ መጀመሪያ የምትሻሙት አልጋና ሎከር ነው። እሱ ይቆይ። መጀመሪያ ኮሪደሩን እስከ ጫፍ ሂዱበት። ሌላ መውረጃ ደረጃ አለ? በሩ ማታ ይቆለፋል? ቁልፉ ማን ጋ ያድራል? መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ካለው በዚያ መውጣት የለም። የኋላ በር ተቆልፎ ካገኛችሁት የዶርሙን ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሩን፣ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ በተማሪዎች ኅብረት በኩል በጽሑፍ አቅርቡ። ነገር መፈለግ እንዳይመስላችሁ። ማታ ተኝታችሁ የምታድሩት እናንተ ናችሁ።

ዶርም ውስጥ በጣም የምፈራው ዲቫይደርን ነው። አምስት ቻርጀር ተሰክቶበት፣ በላዩ ላይ ምድጃ ይጨመርበታል። ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩት። 10 አምፔር የሚል ከሆነ፣ በእኛ አገር 220 ቮልት የሚችለው 2,200 ዋት ያህል ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ብቻውን ወደዚያ ሊጠጋ ይችላል። የውሃ ማሞቂያ ሲታከልበት ሽቦው ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተታችሁ ወይም ሶኬቱ ከጠቆረ ሥራው አልቋል፤ በቴፕ ጠቅልላችሁ አትመልሱት። ከተቀጣጠለ ደግሞ ውሃ አትድፉበት። ኤሌክትሪኩን ከማጥፊያው ቁረጡ። ጭሱ ከበዛ ጎንበስ ብላችሁ ውጡ፤ በሩን ከኋላችሁ ዝጉት እንጂ ላፕቶፕ ለማውጣት አትመለሱ። ኮሪደር ላይ የተሰቀለው ቀይ እሳት ማጥፊያ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው የሚሠራው። ፒኑን ነቅላችሁ፣ ወደ እሳቱ ሥር እንጂ ወደ ነበልባሉ አናት አትርጩ።

የተቃጠለ ሰው ላይ የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። ቅቤም፣ እንቁላልም። እኛ ጋ ሲመጣ ያንን ማጠብ አለብን፤ ልጁ ያን ጊዜ የሚያሰማው ጩኸት ከጆሮ አይጠፋም። የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። ቧንቧው ከሄደ የጀሪካኑን ውሃ ቀስ አድርጋችሁ አንቆርቁሩበት።

ከግቢ ውጪ ተከራይታችሁ ለምትኖሩት፦ በክረምት ቡና ካፈላችሁ በኋላ ከሰሉን ቤት ውስጥ ትታችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ከከሰሉ የሚወጣው ገዳይ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሁለት ሦስታችሁን አንድ ላይ ከያዛችሁ ወዲያው ወደ ውጪ ውጡ።

ዶርም ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ሊኖር ይችላል፤ በሐፍረት ይደብቀዋል። ሲጥለው ክብሪት ለኩሳችሁ አታሽትቱት። በአፉ ማንኪያ አታስገቡ፤ ጥርሱ ይሰበራል። በዙሪያው ያለውን ወንበርና ብረት አርቁ፣ ከራሱ ሥር ጋቢ ወይም ጃኬት አድርጉ፣ በጎኑ አዙሩት፣ ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ሲነቃ ደግሞ አሥር ሰው ከብቦት አይይ። አንድ የሚቀርበው ጓደኛ ይብቃ።

ጣና ላይ ስትዝናኑ የከተማውን ልጅ አይታችሁ አትዘሉ። ጠዋት ጸጥ ያለው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሣ ሌላ ነው። ዋና የማይችል ልጅ ሲሰምጥ ጓደኛው ተከትሎት ይገባና ሁለቱም ይቀራሉ። አትግቡ። ባዶ ጀሪካን ክዳኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ወርውሩለት፤ ገመድ ከታሰረበት ይበልጥ ጥሩ። ከወጣ በኋላ ዘቅዝቃችሁ አትያዙት፣ ሆዱንም አትጫኑ። መተንፈስ ካቆመ በአፍ ትንፋሽ መስጠትና ደረት መጫን ነው የሚያስፈልገው። ይህን ከጽሑፍ አትማሩትም። ቀይ መስቀል የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል፤ በክበባችሁ በኩል ጠይቁ።

ጸብ ወይም ረብሻ ተነሣ ሲባል ለማየት አትሩጡ። ቴሌግራም ላይ የመጣውን ድምፅም ሳታጣሩ አታስተላልፉ፤ ሰው በወሬ ሲሮጥ ደረጃ ላይ ይረጋገጣል። የግቢውን ክሊኒክ፣ የጥበቃውንና የፕሮክተሩን ስልክ፣ ከፖሊስ 991 እና ከቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ጋር በወረቀት ጽፋችሁ በር ጀርባ ለጥፉ። ስልክ ቻርጅ ይጨርሳል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። በእናንተ ዶርም ወይም በጎረቤት ዓይነ ስውር ተማሪ፣ ወይም በክራንች የሚሄድ ልጅ ካለ፣ እሳት ቢነሣ ማን ይዞት እንደሚወጣ ዛሬ ማታ ተነጋገሩ። «ሁላችንም እንረዳዋለን» አትበሉ፤ ያኔ ማንም ላይመጣ ይችላል። ሁለት ሰው በስም ይመረጥ። እሱ ራሱ እንዴት መያዝ እንደሚፈልግ ጠይቁት፤ ክንዱን ከመጎተት የእናንተን ክንድ መያዝ ሊቀለው ይችላል። ከዚያ ከክፍሉ እስከ ውጪው በር አብራችሁ አንድ ጊዜ ሂዱበት፣ ደረጃውንም አብራችሁ ቁጠሩ።